የበር ሚስማርና የቤተ ክርስቲያን አይጥ

በክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። መርማሪው ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ቁልፍ ያዡ ፖሊስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ልጅቷ ግድግዳው ስር፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ትርፍ ወንበር ነበር፤ ፋይል ተቆልሎበታል።

አሶሳ ነው፤ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የተያዝኩት የቤቴን የጓሮ ክፍል ያከራየሁት ሰው ስለጠፋ ነው። ይፈልጉት ነበር፤ ሲያጡት እኔን ወሰዱ። የት እንደሄደ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

በሴቶቹ ክፍል ሰባት ነበርን። ስድስቱ በርታኛ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ በልጅነቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ ቋንቋቸውን ከሰላምታ አላሳለፍኩትም። ፍራሼን ከበሩ አጠገብ ዘርግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ ከአጥሩ ውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ሀቦባ ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ማንጎዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ዘረጋችልኝ። ጠግቤያለሁ አልኳት። አልጠገብኩም ነበር።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከባምባሲ ስትመጣ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አውርደው ነው ከሌሎች ጋር ያመጧት። ፈተናዋ የሚመጣው ሰኞ ነበር። መርማሪው ፊት በቆምንበት ቀን ጠዋት የሴቶቹ ክፍል ሲፈተሽ ከፍራሿ ስር አንድ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ስመዘገብ አስራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴንና ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ መውጣቴን ተናግሬ ነበር። ስለዚህ ጠሩኝ።

«እናቴ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ» አለ መርማሪው። «ሲገጣጠሙ ግን ስሜት አይሰጡም። ስሜት የማይሰጥ ነገር ደግሞ ኮድ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከደብተር የተገነጠለ ነው። ላይኛው ግማሽ በእስክሪብቶ፣ ከሰሌዳ የተገለበጠ፤ ታችኛው በእርሳስ።

«ማነጻጸሪያ ናቸው» አልኩ። «እኛም ‹እንደ ሬት መረረ› እንላለን። እንደዚያ ነው።»

«ያንብቡልኝ።»

«እንደ ንብ ታታሪ። እንደ በግ የዋህ። እንደ ቤተ ክርስቲያን አይጥ ድሃ።»

እጁን አነሳ። «ቆይ። ይቺ ልጅ ሙስሊም ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን አላት?»

«እሷ ምንም የላትም፤ የተባለው አይጧ ናት። ቤተ ክርስቲያን ጎተራ ስለሌለው እዚያ የምትኖር አይጥ ትራባለች ለማለት ነው።»

ፖሊሱ ከበሩ ላይ ሳቀ። «የኛን ደብር አይጥ አላዩአትም ማለት ነው! ዝክር በመጣ ቁጥር ከቄሱ በፊት የምትቀምሰው እሷ ናት።»

«አንተ ዝም በል» አለው መርማሪው። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ይሄስ? ሞት የሚል አለበት።»

«እንደ በር ሚስማር የሞተ።»

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

«የማን በር ነው?»

«የማንም በር አይደለም። እንዲሁ ይባላል።»

«ሚስማር ደግሞ መቼ ኖሮ ነው የሚሞተው?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ያስተማሩን መምህርም አያውቁትም ነበር። ሸምድዱ አሉን፤ ሸመደድን።»

«ቲቸርም እንደዛ አለን» አለች ልጅቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

«አንቺ አልተጠየቅሽም።»

መርማሪው ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ዕድሜዎ ገፍቷል። ይህ ወረቀት ኮድ ነው ብለው ይፈርሙልኝ፤ የእርስዎን ጉዳይ ዛሬ እዘጋዋለሁ። ምሳዎን ቤትዎ ይበላሉ። እሷ ወደ ዋናው ምርመራ ትሄዳለች፤ እዚያ ይለይላታል።»

ዋናው ምርመራ ማለት ከአሶሳ ውጭ ማለት ነው። ከእኛ ክፍል ቀደም ብለው ወደዚያ የተወሰዱት ሁለት ሴቶች ወሬያቸው አልተሰማም ነበር።

«ከመወሰንዎ በፊት» አለ፣ «በእርሳስ የተጻፈውን ያንብቡ። እሱስ ገብቶኛል።»

ልጅቷ ከሰሌዳው የገለበጠችው ሲያልቅ የራሷን መሞከር ጀምራ ነበር። የመጀመሪያው፣ ክፍላችን እንደ ኩርሙክ፣ እንደ ድንበሩ ቆላ ከተማ፣ ትሞቃለች የሚል ነው። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ።

«የክፍላችን አሮጊት እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ናት» ብዬ አነበብኩ።

ልጅቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ፖሊሱ ቁልፉን ማቃጨሉን ተወ።

«እርስዎን ነው» አለ መርማሪው።

«አዎ። ሌላ አሮጊት የለችም።»

«ታዲያ ለዚህች ነው የሚቆረቆሩት? ትክክል ነው የጻፈችው?»

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ማንጎው ትዝ አለኝ።

«እንግሊዝኛው ትክክል ነው» አልኩ። «የምጽፍ ከሆነ ወንበር ይሰጠኝ። ቆሜ አልጽፍም።»

መርማሪው በአገጩ አመለከተ። ፖሊሱ ፋይሎቹን መሬት ላይ አውርዶ ወንበሩን በመዳፉ ጠረገው። «ይቀመጡ እማማ።»

ተቀመጥኩ። ሳልቸኩል ጻፍኩ፦ «ይህ ለእንግሊዝኛ ፈተና የተዘጋጀ የማነጻጸሪያ መልመጃ ነው። ኮድ አይደለም። ሁሉንም አንብቤ ተርጉሜያለሁ፤ እኔን የሚመለከተውንም ጭምር።» ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ልጅቷን በስሟ ጠርቶ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ነገራት። ስሟን የሰማሁት ያኔ ነው። አስራ አንድ ቀን አብረን አድረን ነበር።

«እርስዎ ይቆያሉ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ልጅቷ ስታልፍ አጠገቤ ቆመች። «ሀቦባ፣ አንተ ተናደድክ?» አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ሌላ ቃል አጣሁ። መጽሐፍ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ሰኞ ፈተናው ላይ ከመጣ እንዲሁ ጻፊው» አልኳት። እጇን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔንም ይሂዱ አሉኝ። ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም። አሁን ቤቴ ነኝ። የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት፤ ማከራየት ትቻለሁ። ልጅቷ ፈተናውን ትለፍ አትለፍ አልሰማሁም፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አንዳንድ ቀን ተቀምጬ ለራሴ ሌላ ማነጻጸሪያ እፈልጋለሁ። እሷ ከጻፈችው የተሻለ አላገኘሁም።

ያን ቀን፣ ልጅቷ ወደ ውጭው በር ስትሄድ፣ ፖሊሱ ወደ ክፍሎቹ የሚያስገባውን በር ከፈተልኝ። ከወንበሩ ተነሳሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።