ባለ አራት እጇ ሴት ዘር ስትቆጥር

ቆይ ቆይ፣ ማነው “ይሄ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ በቅሎ ጎታች ስለ ሌላ ዓለም ምን ያውቃል?” ያለው? አንተ ነህ? እኔኮ ፈረንጅ አስከትዬ ተራራው ላይ አምቢኮ ድረስ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአምቢኮን ብርድ የቀመሰ ሰው ፕላኔት መፍጠር ምን ይቸግረዋል? ያየውን መጻፍ ነው።

ጻፍኩም። አንድ ደብተር ሙሉ! ፕላኔቷ ሁለት ፀሐይ አላት፣ ገብሱ በዓመት ሁለቴ ይደርሳል፣ ብርዱ ግን ያው የኛው ነው። መንግሥቱ የጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቢሮ ገብተህ ጉዳይህን ስትነግራቸው ደረታቸውን እያከኩ “ነገ ተመለስ” ይሉሃል። ይሄንንም ውሸት ነው በሉኛ!

እዚያ አንድ የደባርቅ ጎበዝ ይወርዳል። መልኩ እኔን ይመስላል፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ ቆንጆ አላውቅም። አራት እጅ ያላት አረንጓዴ ሴት ያገኛል። አንደኛው ገጽ ላይ ያያታል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ልብሳቸው የለም።

ደብተሩን መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ለምትጽፈው ልጅ ወሰድኩላት። ከኮሌጅ የተመረቀች ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፕላኔቷም አራቱ እጅም የተፈጠሩት ለሷ ነው። ማመልከቻ አስጽፌ አስጽፌ የማመለክተው ነገር አልቆብኝ ነበር።

አነበበች። ፈገግ እንኳ አላለች።

“በአራት እጅ እንዴት ነው የምታቅፈው?”

“በሁለቱ ታቅፈዋለች፣ በሁለቱ ጋቢውን ትይዛለች። ብርድ ነው አልኩሽ እኮ።”

“እሺ ይሁን። ግን ይቺ ሴት ሰው አይደለችም።”

“አይደለችማ! አረንጓዴ ናት!”

“እሱን አላልኩህም። ጠባይ የላትም። ከሰማይ ዱብ ያለ ወንድ ‘ነይ’ ስላላት ትሄዳለች? ዘመዷ ቢሆንስ? ዘር እንኳ አትቆጥርም?”

ልክ ናት። እኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ማንን ያገባል? ቤቴ ሄጄ ባለጠባይ አደረግኳት። ሁለተኛውን ገጽ ግን አልቀደድኩትም፣ ለፍቼበታለሁ። ራቁታቸውን እንደቆሙ ጎበዙ ሊስማት ሲጠጋ በሦስት እጇ ገፍታው፣ በአራተኛው እጇ ጣት እየቆጠረች “አያቶችህን ጥራ!” አለችው። የሷን አያቶች ከጭንቅላቴ ፈጠርኩ። የሱን መፍጠር ሲታክተኝ፣ አባቴ በቃሌ ያስጠናኝን የራሴን ሰባት ቤት እንዳለ ገለበጥኩ።

ልጅቷ ስትጽፍ ስትጽፍ ሰባተኛው ላይ እጇ ቆመ።

“እኚህ እኮ የኔም አያት ናቸው። ለኔ ስምንተኛ፣ ላንተ ግን ገና ሰባተኛ።” ስለ ፕላኔቷ እንዳላወራች ሁለታችንም ገብቶናል። “አይሆንም፣ ወንድምዬ።”

ወንድምዬ! ያን ሁሉ ማመልከቻ ያስጻፍኩት ወንድም ልሆን ነው?

ዘር ጠንቅቀው የሚያውቁት ዳባት ያሉት አያቷ ናቸው፣ መሪጌታ ናቸው። “ለማንኛውም እሳቸው ያጣሩት” ብላ በሚኒባስ ይዛኝ ሄደች። ስሞቹን ብቻ ላነብላቸው ደብተሩን ስገልጥ ተቆጡ።

“ዘር ከመሐል አይቆጠርም። ከመጀመሪያው አንብብ!”

“መሪጌታ፣ መጀመሪያው እንኳ ለርስዎ...”

“አንብብ አልኩህ!”

ልጅቷ ሮጣ በሩ ኋላ ተደበቀች። አነበብኩ። ጭላዳዎቹ ላይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልብስ ማውለቁ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

“ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል!”

ጮክ አልኩ። ግቢው ውስጥ ገብስ የሚያበጥሩት ሴቶች ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። “ጋቢው ወደቀ” ብዬ ሳነብ መሪጌታው፣ “አንሡላቸው እንጂ፣ ይበርዳቸዋል!” አሉ።

አያቶቹ ጋ ደረስኩ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

“ቁም! ያንተን አያት አውቀዋለሁ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበት ያሳደጉት አያቱ ናቸው፣ የሚጠራውም በሳቸው ስም ነበር። አንድ ሰው ውጠሃል።” በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ። “ስምንት።”

ከበሩ ኋላ፣ “ስምንት ነው ያሉት አባባ?”

“ስምንት ነው! አሁን ዝም በይ። አንተ፣ ያቺ አረንጓዴዋ እሺ አለችው?”

“እሱ ገና አልተጻፈም፣ መሪጌታ።”

በሩ ትንሽ ከፈት አለ። “መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክላት” አለች።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ እሷም እሺ አለች። አሁንም ውሸት ነው የምትሉ፣ ወደ ዳባት የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቷል። እኔን ተዉኝ፣ ሰፌዳቸውን ያስቀመጡትን ሴቶች ጠይቋቸው። ጋቢው በየት በኩል እንደወደቀ ሳይቀር ይነግሯችኋል።