ቅል ያዘልኩበት በጋ

በርበሬ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ የእኔን ግን ሆድ ያባባል። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ በርበሬዋን ከደጃችን አስጥታ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያ የሚከነክን ሽታ በመስኮት ገባ። ልጄ «ልዝጋው እንዴ?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስድሳዎቹ ገና ሲገቡ ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ነበር። እኔ ለእናትና ለአባቴ ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ አንድ ወንድም ተወልዶልኝ ክርስትና ሳይነሣ ሞቷል። በምን እንደሞተ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከአክስቴ በቀር። የአባቴ ታላቅ እህት የማታውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ውሻችን ጅብ አይቶ ከግድግዳው ሥር ሲጮህ ሕፃኑ ደነገጠ፣ ከዚያ ወዲያ ጡት አልያዘም ትላለች። እናቴ እንደገና ማርገዟ ሲታወቅ አክስቴ እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቷ በፊት ወደ አባቴ ዞራ፣

«ይኸ ውሻ ኸዚህ ቤት እያለ ልጅ አያድግም» አለችው።

ውሻው መከታ ይባላል። አመድማ፣ ጆሮው የተቆረጠ፣ ጩኸቱ ወንዝ የሚሻገር ነበር። አባቴ የሚወደው ጅብ ከበረታችን ስለማያስደርስ ነው። እናቴ የምትወደው በሌላ ምክንያት ነው። ወንድሜ ተቀብሮ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ወንዝ ስትወርድ አብሯት እየወረደ፣ ከምታለቅስበት ድንጋይ አጠገብ የሚቀመጠው እሱ ነበር። እኔም አብሬያት እወርድ ነበር፤ ግን እኔ ጥያቄ አበዛለሁ። እሱ አይጠይቅም።

አባቴ እናቴ ከመውለዷ በፊት ውሻው ቡሬ ላሉ ዘመዶቻችን እንዲሰጥ ወሰነ። እናቴ ባሏን ተቃውማ አታውቅም። ያን ቀን ግን፣

«ጥቂት ይታገሡኝ። አስተምረዋለሁ» አለች።

«ውሻ ደግሞ ምን ይማራል?»

«ዝም ማለት።»

በማግሥቱ አንድ ትልቅ ቅል አወረደች። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችው፤ ጨቅላ ቅቤ ቅቤ ይሸታልና ጨርቁን ቅቤ ቀባችው። ከዚያ እኔ በታዘልኩበት አንቀልባ አድርጋ ከጀርባዬ አሰረችው። የእኔ ሥራ ቅሉን አዝዬ በመከታ ፊት መመላለስና እንደ ጨቅላ ማልቀስ ነበር። ማልቀስ ደግሞ እችልበታለሁ። ከጎተራው ጀርባ ተደብቄ እንዋ እንዋ ስል ጎረቤት «ወለደች እንዴ?» እያለ ብቅ ይል ነበር። መከታ መጀመሪያ ላይ ግቢውን በጩኸት አናወጠው። ሮጦ መጥቶም ዓይኔን ይልሳል። እናቴ ሆዷን ደግፋ ትመጣና «እሹሩሩ» ብላ ጀርባውን ተጭና ታስተኛዋለች። ዝም ሲል የቂጣ ቁራሽ ይሰጠዋል።

የበርበሬ ወቅት ስለነበር ግቢው በሙሉ ቀይ ስጥ ነበር። ባዶ የቀረው የቤቱ ደጃፍ ብቻ ነውና ትምህርቱ እዚያው ሆነ። መከታ ያስነጥሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እናቴ ትስቃለች። እናቴ ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ያን በጋ ነው።

በርበሬው ተለቅሞ ሲገባ መከታ «እሹሩሩ» መባል አላስፈለገውም። አንቀልባውን ሲያይ ከደጃፉ በሆዱ ይተኛል፤ አገጩን ከመሬት ያደርጋል። አንድ ቀን ወደ ማታ አባቴ የማናውቀው እንግዳ ይዞ መጣ። እኔ ቅሌን አዝያለሁ። መከታ እንግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጩኸቱን ዋጠው። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና፣

«ይኸስ ኸየኔታ ተማሪዎች ይሻላል» አለ። የቡሬን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣም።

ያልሳቀችው አክስቴ ብቻ ነች። «ያልተወለደ ልጅ አይታዘልም። ሟርት ነው» አለች።

በአገራችን ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋም፤ ስምም አይወጣም። እናቴም ይህን ታውቃለች። ያን ቀን ቅሉን ከጀርባዬ ፈታ ጥቂት አቅፋው ቆየች፤ ከዚያ መልሳ አሰረችልኝ። ፈርታ እንደነበር የገባኝ እኔም ከወለድኩ በኋላ ነው።

መውለጃዋ ሲቃረብ «ያ ቤት አልቀናትም፤ ከእኛ ዘንድ ትውለድ» ብለው ወላጆቿ ከቡሬ በቅሎ ላኩላት። ቅሉን አውጥታ አንቀልባውን ይዛ ሄደች። በቅሎዋ ላይ ከመውጣቷ በፊት መከታን «እሹሩሩ» አለችው፤ ተኛ። በቅሎዋ ወንዙን እስክትሻገር አንገቱን አቅፌ ያዝኩት። ክርስትናው ሲያልፍ ትመጣለች አሉኝ። ትምህርቱን እንዳይረሳ እኔ በየማለዳው ከጎተራው ጀርባ ማልቀሴን አላቆምኩም።

አንድ ቀን መልእክተኛ መጣና አባቴ ያንኑ ሰዓት ወደ ቡሬ ተነሣ። ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። ሲመለሱ አባቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ከፊት ነበር፤ ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ነበር። እህት እንደነበረችኝ ያወቅሁት አክስቴ «ወየው የኔ ወለላ፣ ሳላይሽ» ብላ ስታለቅስ ነው።

እናቴ አላለቀሰችም። ወላጆቿ ዘንድ አልቅሳ ጨርሳ ነበር መሰለኝ፤ ፊቷ ደርቋል። ከበቅሎዋ ወረደች። ልብሷን በአንቀልባው ጠቅልላ ከጀርባዋ አዝላዋለች። መከታ ጭራውን እየቆላ ከጓሮ ሮጦ መጣ። ያን ያህል ጊዜ ተለይቷት ነበርና ዘሎ ይጠመጠምባታል ብዬ ነበር። አንቀልባውን ሲያይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ በሆዱ ተኛ፤ አገጩን ከመሬት አደረገ። ዓይኑን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይመለከታት ጀመር።

እናቴ ቆማ አየችው። ከዚያ እዚያው መሬት ተቀመጠች፤ አንቀልባውን ፈትታ ከአጠገቡ አኖረችውና ሴቶቹ ደጋግፈው እስኪያነሷት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ የማስመሰል አልነበረም።

መከታ ቡሬ ስላልነበረ በዚህኛው ሞት የሚከሰው አልተገኘም። ነገር ግን በሐዘኑ መካከል አክስቴ ለሴቶቹ «ነግሬ ነበር። ያ ቅል ነው» ስትል ሰማኋት። እናቴም ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰምታለች። አክስቴን ያን ቀን ጠላኋት፤ እሷም ብትሆን ደረቷን እየደቃች ካለቀሱት አንዷ መሆኗን የተቀበልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ሐዘኑ አልፎ ሰው ተበተነ። መከታ ግን መጮህ ተወ። አንቀልባው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ እሱ ከደጃፉ አይነሣም፤ ሰው ሲገባም ሲወጣም በዓይኑ ብቻ ይከተላል። አንድ ሌሊት ጅብ ጥጃ ከበረት ወሰደ። አባቴ ጠዋት ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። ቁጣ አልነበረበትም።

«አንች ነሽ ያስተማርሽው» አላት። «አሁን ልጅቱ የለች። እንዲጮህ አድርጊው እንጅ።»

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

«ይተዉት» አለች። «ትንሿን እንዳለች የሚቆጥራት እሱ ብቻ ነው።»

አባቴ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ቡችላ ይዞ መጣ፤ የመጮሁ ሥራ ለዚያ ሆነ። እናቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። መከታ ከደጃፉ እንደተኛ አረጀ። እሷም እንስራዋን ተሸክማ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ልጅ በተኛበት እንደሚታለፍ፣ እግሯን ቀስ አድርጋ ታልፈው ነበር።