ብርሃን የማያስገባው ጀልባ

ዘንድሮ ክረምቱ ጠንክሮብን የሳሎኔ በር አልዘጋ አለ። ባለፈው በጋ ያስገጠምኩት አዲስ የዋንዛ በር ነው፤ ያኔ ሲዘጋ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። ሐምሌ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና መቃኑ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። በትከሻዬ ስገፋው ጎረቤቴ ሰምቶ፣ ምን ሆኑ እማማ ብሎ ሮጦ መጣ። ምን እሆናለሁ፣ ከእንጨት ጋር እየታገልኩ ነዋ! ያበጠ እንጨት ግን ለእኔ አዲስ አይደለም። ወንድሜን የበላው እሱ ነው።

ወንድሜ ዳና የቤታችን ባይራ፣ የመጀመሪያው ልጅ ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት እዚሁ ሶዶ፣ ጋሽ ዘርጋ የሚባሉ አናጺ ዘንድ ይሠራ ነበር። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የከተሙ ናቸው። የሚሠሩት በር ነው፣ ስማቸውም የተጠራው በበር ነው። ሰው በሩን ሲረከብ ጋሽ ዘርጋ ቤት ውስጥ አስገብተው ይዘጉበትና ከውጭ ሆነው "ብርሃን ይታይሃል?" ይሉታል። ይታየኛል ካለ በሩ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል። ዳና ይህንን ከሳቸው ተምሮ፣ ከሳቸውም ብሶ ነበር።

ባገባ በዓመቱ ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ ጎዳሬ ቀቅላ፣ የሚወደውን ዳጣ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ አጠገቡ አድርጋ ትለምነዋለች፤ ምግቡ እንደቀረበ ቀዝቅዞ ይነሳል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም እየመጡ ጸለዩለት፣ መከሩት። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የዋልኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አፌ እንደ ዛሬው ስለታም ነበር፤ እሱን ሳይ ግን የምናገረው ይጠፋኛል።

በዚህ መሃል አባያ ሐይቅ ዳር ጥጥ ሲያለማ የኖረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ ያረጀ ባለሸራ ጀልባውን ለጋሽ ዘርጋ ተወላቸው። ቅርፁ ያማረ፣ ግማሽ ጎኑ ግን የበሰበሰ ነበር። ጠግኑትና ተዝናኑበት፣ ብቻ እስክትጨርሱ ውሃ አጠጡት አላቸው። ጋሽ ዘርጋ ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር፤ የሰጠኝ ጀልባ ነው በግ ነው እያሉ።

እዚያው ሐይቁ ዳር እንዳይጠግኑት ወባው አለ። በዚያ ዘመን ደገኛ ቆላ ወርዶ አደረ ማለት ለቤቱ መርዶ ላከ ማለት ነበር። ስለዚህ በጭነት መኪና ሶዶ ድረስ አወጡት። በጋውን ሙሉ ከጋሽ ዘርጋ ቆርቆሮ ሥር እንደ ቋንጣ ደረቀ።

ካወጡት በኋላ ጋሽ ዘርጋ መጥተው ዳና አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ የኔ ዓይን ደክሟል። ይኼ ነገር ያላንተ አይሆንልኝም" አሉት። ዳና ፊቱን ከግድግዳው አዙሮ "ልየው" አለ። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ እዚያው ቁጭ አለች።

ሄዶ አየው፤ በማግስቱም ሄደ። የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጣ በዋንዛ ተካው። በየመገጣጠሚያው የሚጠቀጠቀውን ያዘጋጀነው እናቴና እኔ ነን። እሷ እንሰቱን ፍቃ ቃጫውን ታወጣለች፣ እኔ ሰምና ሞራ አቅልጬ እነክረዋለሁ፣ እሱ በመሮና በመዶሻ እያጠበቀ ይሞላዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ራሱ ዳጣ ጠየቀ። እናቴ የያዘችውን ቃጫ ጥላ ለማምጣት ሮጠች።

ሲያልቅ ጀልባውን ደፍተው ከሥሩ እንድገባ አደረጉኝ። ጠርዙን ዙሪያውን በጆንያ ከደኑት። "ማርታ፣ ብርሃን ይታይሻል?" አለኝ ዳና ከላይ። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያህል አይቼ በጣቴ አንኳኳሁለት። እዚያ ላይ ቃጫ ጨመረ፤ ያ አልበቃው ብሎ ሌላውንም ሁሉ እንደገና ጠቀጠቀው። በመጨረሻ "ምንም አይታየኝም፣ ጨለማ ነው" አልኩት። ሲስቅ ሰማሁት። ሳቁን ረስቼው ነበር፤ እዚያው ጨለማ ውስጥ አለቀስኩ።

በልግ ሳይገባ በሁምቦ መንገድ አቧራ እየጠጣን ወደ አባያ ወረድን። ጀልባው ውሃ ላይ ዋለ፤ ጠብታ አላስገባም። ሸራው ንፋስ ሲሞላ ጋሽ ዘርጋ ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ ምሰሶውን በሌላው ጨብጠው ይጸልያሉ። ዳና ከኋላ መሪውን ይዞ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። እናቴ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ስታመሰግን ሰው ሁሉ እልል አለ። ዳና ሲመለስ፣ በሚመጣው ቅዳሜ አንቺን ነው የምወስደው አለኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ትንኙ ሳይነሳ፣ ጀልባውን እውሃው ላይ አስረን ወደ ደጋችን ሸሸን።

ቅዳሜ ስንመለስ በጎኑ ተጋድሞ ግማሹ ሰምጧል። የሰበረው ሰው የለም። የደረቀው ሳንቃ ሳምንቱን ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ መላወሻ ስላጣ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ሚስማሩን ነቅሏል፣ የጀልባውን የጎን አጥንት ሰባብሯል። ቃጫችን እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። ጋሽ ዘርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ውሃ አጠጡት ያለው ለካ..." ብለው አልጨረሱትም። ዳና እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሳንቃውን በመዳፉ ዳበሰው።

"በር ነው የሠራሁት" አለ።

ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ጋሽ ዘርጋ እንደገና እንሠራዋለን እያሉ ስንቴ ተመላለሱ፤ ዞርም አላለላቸው። ከዚያ ብዙ ዓመት ኖረ፣ መኖር ከተባለ። መላጊያ ዳግመኛ አልጨበጠም። የሞተ ዕለት ሴቶቹ እናቴን እንድታለቅስ ደግፈው ሲይዟት በወላይትኛ የተናገረችው አይረሳኝም። "ተዉኝ" አለቻቸው፣ "ይህን ልጅ ስቀብር ሦስተኛዬ ነው።"

ሰው ተስፋ አትቁረጪ ሲለኝ እናደዳለሁ። ዳና ተኝቶ ሳለ ጎድቶን ነበር፤ የገደለን ግን ተነስቶ ዳጣ የጠየቀ ቀን ነው። ባይነሳ ኖሮስ እላለሁ አንዳንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሳቁ ትዝ ይለኛል፣ እና ምን እንደምመኝ አላውቅም።

ትናንት አንድ ወጣት አናጺ መጥቶ በሬን ላገልኝ። ላግ፣ አሁንም ጨምር አልኩት። እማማ፣ በጋ ሲመጣ እኮ እንጨቱ ደርቆ ክፍተት ይተዋል፣ ብርድ ይገባል አለኝ፤ ይግባ አልኩት። ጨርሶ ከውጭ ዘጋውና ጮክ ብሎ "ብርሃን ይታያል እንዴ?" አለኝ። በጠርዙ በኩል አንዲት ቀጭን መስመር ወለሉ ላይ ወርዳ ነበር።

"ይታያል" አልኩት። "እንዳትነካው።"