ቆብ ያጠለቁ ጣቶች

ምሥራቅን የማያውቅ ልጅ በሰፈራችን የለም። አዋቂው ግን «የባለጋሪው ሚስት» ብሎ ነው የሚያልፋት፤ ስሟን እንኳ በወጉ አይጠራም። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ስም አውጥተውላታል፣ እሱን እኔ አልደግመውም። ራሂማ እባላለሁ። ዳንግላ ውስጥ ከነምሥራቅ ግቢ ጋር በአጥር የምትዋሰን ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ሁሉም ነገር የሆነው ዓይኔ እያየ ነው። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ ይበሉኝ። የሚያማት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ ገብቶ አላያትም፤ ስለዚህ እስቲ እኔ ልናገር።

የተወለደችው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቷ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫትና ወንበር የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሷም እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ በቁርጥራጩ ስትጫወት ነው ያደገችው። ትምህርቱን ብዙ አልገፋችበትም። ምንይችል አግብቶ ዳንግላ ሲያመጣት አማርኛዋ እንኳ ገና ነበር፤ እስካሁንም ስትደነግጥ ወደ አዊኛዋ ትመለሳለች። ምንይችል ጋሪ ነጂ ነው፣ ከመናኸሪያ ገበያ ሰውና እህል ያመላልሳል። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፣ ከጎኗ የፈረሱ ጋጣ አለ። ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው፣ ስለት ተስለው፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው ፋና የመጣችላቸው። ገና አምስት ዓመቷ ነው።

መንገዱም ትምህርት ቤቱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ልጆቹ ቤት መዋል ከጀመሩ ከረሙ። እናት ሁሉ ልጇን ስትራገም ነው የምትውለው። እኔም የልጅ ልጆቼን በኩርኩም ነበር የማስተናግዳቸው፣ ምን እዋሻለሁ። ምሥራቅ ግቢ ግን ሌላ አገር ነው። የበቆሎ አገዳ ልጣ አጉብጣ መነጽር ታደርግላቸዋለች፤ ያንኑ አገዳ በእሾህ ሰካክታ ጋሪ ትሠራለች፣ ጎማው ከሱቄ ደጃፍ የምትለቅመው ቆርኪ ነው። ባዶ ካርቶን ስሰጣት መስኮቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቤት ይሆናል፤ ማጣበቂያዋ በውኃ የበጠበጠችው ዱቄት ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ታሸውና ፈረስ ይወጣዋል። ፀሐይ ላይ አታደርገውም፣ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ውስጥ ነው የምታደርቀው። የፈረሱ ጆሮ ተሰብሮበት የሚያለቅስ ልጅ ካለ «ና፣ እንደገና እናቡካው» ትለዋለች።

ደግሞ ሠርታ ሰጥታ ዘወር አትልም። አብራቸው ትንበረከካለች፣ እንደ ፈረስ ታሽካካለች፣ አንዱን በጀርባዋ ተሸክማ ግቢውን ትዞራለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ወጥሽ አረረ» እላታለሁ በአጥሩ በኩል። «ይረር፣ እትዬ ራሂማ፤ ወጡ ነገም ይሠራል» ትለኛለች። እኔ እጄን አራግፌ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ። እንደሷ ያለች እናት ባገኝ ኖሮ እያልኩ የምቀናበት ጊዜም ነበር።

ያን ቀን ምንይችል ፈረሱን ፈትቶ ውኃ ሊያጠጣ ወስዶታል። ጋሪው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ትልልቆቹ ልጆች ከኋላው ተንጠላጥለው እንደ ሚዛን ያወዛውዙታል፤ ሁልጊዜም የሚያደርጉት ነው። የፊቱ እንጨት ሽቅብ ተነሥቶ ነበር፣ ፋና ከሥሩ ቁጭ ብላ ጭቃዋን ታቦካለች። ልጆቹ አንድ ላይ ዘለው ሲወርዱ እንጨቱ ከነክብደቱ መጥቶ ቅልጥሟ ላይ አረፈ። የአጥንቱን ድምፅ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

ወዲያው አያ ቢሻው ተጠሩ፤ ወጌሻ ናቸው። ስለሳቸው ከኔ አፍ ክፉ አትጠብቁ፤ የዳንግላን ሰው ግማሹን የጠገኑ ናቸው፣ የኔንም የእጅ አንጓ ጨምሮ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ኩንታል አገላብጥበታለሁ። እግሯን በቅቤ አሹት፣ ስበው አቃኑት፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው ዙሪያውን ደረደሩና በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ከጉልበቷ በታች የሚታየው አምስቱ ጣቶቿ ብቻ ሆኑ። «እኔ እስክመለስ ማንም እንዳይፈታው» አሉ። «አጥንቱ ከተነቃነቀ ጠማማ ሆኖ ይቀራል፤ ልጂቱ እግሯን ታጣለች።» ከዚያ ጫግኒ በኩል ለቅሶ ነበረባቸው፣ በሚቀጥለው ገበያ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ይሄ በኛ ዘንድ ሕግ ነው። ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ሰው አይፈታም። ፈትቶ ልጅ አንካሳ ያደረገ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲረገም ይኖራል። ሐኪም ቤት ትሂድ ያለ አንድ ሰው ከመሀላችን አልነበረም። አሁን ሁሉም «ብዬ ነበር» ይላል፤ ውሸቱን ነው።

ፋና ታለቅሳለች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ምግብ የለ፣ እንቅልፍ የለ፣ «እማ፣ ፍቺልኝ» ብቻ። ምንይችል መስማት አቅቶት ጋሪውን ይዞ ሲወጣ ይውላል። ምሥራቅ ወዴት ትሂድ። እጇ ወደ እስሩ ይሄድና ይመለሳል፣ ይሄድና ይመለሳል። ብትፈታው እግሯን ልታጠፋባት ነው፤ ባትፈታው ልጇ እያየቻት ልታልቅ ነው። በዚህ መሀል ያላት ነገር ጨዋታ ብቻ ነበር፣ ያንኑ ያለ የሌለውን አወጣች። እንቆቅልሽ ትጠይቃታለች፣ መልሱ ሲጠፋት «አገር ስጪኝ» ትላታለች። ልጂቱ እየተንሰቀሰቀች ጫግኒንም እንጅባራንም ሰጠቻት፤ ለቅሶው አልቆመም።

በመጨረሻ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትንንሽ ቆብ ሰፋች፣ ለእያንዳንዱ ጣት አንዳንድ። ትልቁ ጣት ቀይ ቆብ ያጠለቀ ባለጋሪ ሆነ። ቀጥላ ሚስቱ፣ ከዚያ ሁለት የሚጣሉ ልጆች፣ ትንሿ ጣት ደግሞ መተኛት የምትወድ ሕፃን። በየቆቡ ላይ በክር ዓይንና አፍ ጠለፈችባቸው። ጠዋት ትቀሰቅሳቸዋለች፣ ቁርስ ታበላቸዋለች፣ ልጆቹን ታጣላና ባለጋሪውን ታስቆጣለች። ፋና ጣቶቿን ነቅነቅ እያደረገች ትመልስላታለች። መጀመሪያ የሳቀች ቀን ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። ወጥቼ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ ለቅሶው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ጎረቤታችን ውዴ «እጅሽ ይባረክ፣ አንቺስ መድኃኒት ነሽ» አለቻት። ምሥራቅ ደስ ብሏት ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። ልጂቱም ዝም ብላ ትውላለች፣ ታሸልባለች። ሰው ሁሉ አጥንቱ ገጥሞላታል አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት እዚያው ተቀምጠን ፋና «እማ፣ ዛሬ አልነሣ አሉኝ» አለቻት። ቆቦቹን ነው የምታየው። ምሥራቅ ጎንበስ ብላ «ሥራ ውለው ደክሟቸው ነው፤ በይ እናስተኛቸው» አለች። የነጠላዋን ጫፍ አለበሰቻቸው፣ በአዊኛ እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ልጂቱም ቀስ ባለ ድምፅ አብራት እሹሩሩ አለች። ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ ጨዋታ ነው የመሰለን፤ የሕፃን ጨዋታ፣ ደስ የሚል።

በማግስቱ ብስኩት ይዤ ብገባ የልጂቱ ፊት ቀልቷል፣ ግንባሯ ይፋጃል። ቤቱ ይሸታል። «ቅቤው ነው፣ ከረመ» አለችኝ ምሥራቅ። እኔ ቅቤ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ የቆየ ቅቤ ሽታ መቼ ይጠፋኛል። «እስቲ ቆቡን አውልቂው» አልኳት።

«ሕፃኗን እንዳትቀሰቅሷት» አለች ፋና።

ምሥራቅ የትንሿን ጣት ቆብ ሳብ አደረገችው። ጣቷ ጠቁሯል። ቀጣዩን አወለቀች፣ እሱም ጠቁሯል። ትልቁንም አወለቀች። እንደ ከሰል ነው፣ ስትነካው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጣቷን ቆንጠጥ አድርጋ «ይሰማሻል?» አለቻት።

«ምኑ?» አለች ልጂቱ።

ያን የማይፈታ እስር ምሥራቅ በቢላዋ በጣጠሰችው። ዘግይታለች።

የዚያን ቀን ሚኒባስ አልነበረም፤ በስንት ልመና አንድ ባጃጅ እንጅባራ ሆስፒታል አደረሰን። ሱቄን ዘግቼ ከነምንይችል ጋር አብሬ ሄጃለሁ። ሐኪሙ እግሩን አየና «ማልቀስ መቼ አቆመች?» ብሎ ጠየቀ። ምሥራቅ «ካጫወትኳት ወዲህ» አለችው። ወጣት ነው፣ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። እስሩ ጠብቆ ደሙን አግዶታል። ስታለቅስ የነበረው እግሯ እየሞተ ስለነበረ ነው፤ ዝም ያለችው ደግሞ ሞቶ ስላለቀ። አሁን ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ ልጂቱ ራሷ አትተርፍም አላት።

ምንይችል «አልፈቅድም» አለ። «አያ ቢሻው ይምጡ፣ እሳቸው ያድኑታል» እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ የሚለውን አያውቀውም። ምሥራቅ ወደ እሱ ዞራ እንኳ አላየችም። «ቁረጡት» አለች ለሐኪሙ። «እግሩን ውሰዱና ልጄን ስጡኝ።»

አያ ቢሻው በቀጠሯቸው መጥተው ነገሩን ሰሙ። ከነምሥራቅ ደጃፍ ላይ ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ፣ ያለቅሳሉ። ማንም አልሰደባቸውም። ስድቡ ሁሉ የተረፈው ለምሥራቅ ነው። የልጇን እግር በጨዋታ ያበሰበሰች ነው የሚሏት፣ አልደግመውም ያልኩት ይሄን ነበር፣ ንዴቴ አስለፈለፈኝ። ልጇ ስታለቅስ ዝም ብላ ትያት? ይሄን የሚሉት እኮ ልጃቸው ሲያለቅስ በጥፊ የሚያስቆሙ ናቸው።

እሷ ግን ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያጮልቁ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ቆቡን ባላጠልቅላት ጥቁረቱን አየው ነበር፣ እትዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ታየው ነበር።

ፋና እናቷን አልተቀየመችም፣ አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። ድና ከተመለሰች በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን ገልጣ የተጠቀለለውን ጉልበቷን ስታይ ቆየችና «እማ፣ አንቺ እግር ሥሪልኝ» አለቻት። ምሥራቅ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረችና «እሺ» አለቻት። ምን ትበላት።

ከዚያ ወዲህ ልጂቱ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ «እማ፣ አለቀ?» ነው። በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ምሥራቅም «ትንሽ ቀረው» ትላታለች።