ቆላ ወርጄ ያረድኩት የገና ሙክት

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ ግድም ከአንኮበር ወርጄ አልዩ አምባ ልብስ ስሰፋ፣ ከአዋሽ ወዲህ እንደኔ ኮት የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ አሮጌ ኮት ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ፊደልም የቆጠርኩት እንዲሁ በራሴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የራሱን ቤት ተከራይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገናን ሲያከብር ትንሽ ነገር አይበቃውም። ሁለት ሰው የማይችለው ሙክት በግ ገዛሁ። «ዘንድሮ በዓልን የማከብረው እዚሁ በራሴ ቤት ነው» ብዬም ለእናቴ መልእክት ላክሁ።

እንግዶቼ በከተማው የነበሩት ሁለት ደገኛ ፖሊሶችና አንድ አስተማሪ እንዲሆኑ አስቤ ነበር። አሰብኩ እንጂ አልነገርኳቸውም፤ የኔን ድግስ የሚዘልል ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። በበዓሉ ጠዋት ሙክቱን አርጄ፣ ገፍፌ ልጠራቸው ስሄድ የሦስቱም በር ተቆልፏል። ለካ እዚያ የሚኖር ደገኛ ሁሉ ለገና ወደ አንኮበር ይወጣል። ይህን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስመለስ ፀሐይዋ ከርራለች፤ ዝንቡም ቀድሞኝ ደርሷል። አንኮበር ቢሆን ሥጋው ሦስት ቀን ቢሰቀል ከውርጩ በቀር የሚነካው የለም። አከራዬ፣ ሙስሊም የጨው ነጋዴ ሽማግሌ፣ ከደጃፋቸው ሆነው ያዩኛል።

«ደገኛው፣ ይህን ሁሉ ብቻህን ልትጨርሰው ነው?»

«እንግዶች ይመጣሉ አባቴ።»

«እንግዶችህን ትናንት በበቅሎ ሽቅብ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።»

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደግሁት። እሳቸው ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። የሥጋው መበላሸት አይደለም፤ ገናን በሰው አገር ለብቻዬ ጎርሼ መዋሌ ነው የከነከነኝ።

ሽማግሌው በርጩማቸውን ይዘው መጡና ጥላው ሥር ተቀመጡ። ባለቤታቸውም አንድ ጣሳ የተወቀጠ ጨው አመጡልኝ።

«በል ዘልዝል። እጄ አይነካውም፣ ምላሴ ግን ይሠራል» አሉኝ ሽማግሌው።

ዘለዘልኩ።

«ቀጭን አድርገው እንጂ። የበቅሎ መጫኛ ነው የምታወጣው?»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ በመቀስ የታወቅሁ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው በመቀስህ ቁረጠዋ።»

ሚስታቸው ከውስጥ ሳቁ። እልህ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ዝልዝል እንደ ጥብጣብ ስስ ነበር፤ እሳቸው እንኳ የሚነቅፉት አጡ። ደጃፉ ላይ የወጠርኩትን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላሁት። ይህን የመሰለ ቋንጣ ቆላም ደጋም አላየሁም።

ከቀትር በኋላ ሴትዮዋ መሀሉ ላይ ቅቤ የሞላ ትልቅ ሳህን ገንፎ ይዘው ብቅ አሉ።

«ሥጋው ባያገናኘን ገንፎው ያገናኘናል። ና ቅረብ።»

ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። ሽማግሌው ከቅቤው አጥቅሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ሰጡኝ፤ «እንኳን አደረሰህ» ብለው።

ፖሊሶቹ በሦስተኛው ቀን ጉንፋናቸውን ይዘው ከደጋ ወረዱ። አንደኛው ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ «አንተ ምስኪን፣ በዓሉን ብቻህን ዋልክ አይደል?» አለኝ።

«ከቤተሰብ ጋር ነው የዋልኩት» አልኩትና የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጤን ቀጠልኩ።