ሚሲሲፒን የተሸከምኩ ዕለት

የወጣሁ ምሽት ልጄ ነጃት የቀኝ እግር ጫማዬን ደበቀችብኝ። ደሴ ያለው ቤታችን በዱዓ ሰው ጢም ብሏል፣ ሽማግሎቹ «አላህ መንገድህን ያቅናው» ይላሉ፣ ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ እኔ በካልሲ አልጋ ሥር ለሥር እዳክራለሁ። ብትለመን፣ ብትገሠጽ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የሚስቴን የዘሃራን ወንድም ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ጠቦኝ ነበር፤ እስከ አትላንታ ድረስ ጣቶቼን ሲጨፈልቀኝ መጣ።

ዲቪው የደረሰው ለእኔ ነው። ለሦስታችን አቅም ስላልነበረን «አንተ ቅደም፣ እነሱ ይከተሉሃል» ተባለ። ይህቺ «ይከተሉሃል» ስንት ዓመት እንደምትፈጅ የነገረኝ ሰው የለም። እናንተ ዛሬ ሻንጣ የምታሰናዱ፣ ነገ «ሰዒድ አልነገረንም» እንዳትሉ፦ እዚህ የምትከፋፈሉት ክፍል ሞልቷል፤ ሚስትና ልጅ የምታስገቡበት ቤት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እኔ አገኘሁ። አትላንታ ዳር ስማይርና የምትባል ከተማ፣ ሚስተር ዋልተር የሚባል ጡረተኛ ኢንጂነር ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን ማለት ነው፣ አከራየኝ። ሁለት ክፍል፣ የራሷ በር፣ ትንሽ ኩሽና፣ የነጃት ዕድሜ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም እዚያው ሰፈር። ሊዝ፣ የኪራይ ውል፣ ብለው «ለምን ወረቀት ታበዛለህ?» አለኝ። እኔ ሞኙ እንደ እምነት ቆጠርኩት። ቀኑን ሙሉ መሐል ከተማው ሚድታውን በመኪናዬ ሰው ሳመላልስ ውዬ ስገባ፣ አልጋው የት እንደሚሆን፣ የነጃት ጠረጴዛ የትኛው መስኮት ሥር እንደሚቀመጥ በዓይኔ እለካለሁ። የእነ ዘሃራ የኤምባሲ ቀጠሮ ደርሶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበረ። የፊተኛው ክፍል መሐል፣ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ፣ የሚስተር ዋልተር የጦር መርከብ ተቀምጣለች። ሞዴል ናት፣ ግን እንደዋዛ እንዳታዩዋት፤ ርዝመቷ የሰው ቁመት ይሆናል። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ በገዛ እጁ የሠራት ናት። ሚሲሲፒ ትባላለች። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረችው እውነተኛዋ ላይ አያቱ ከሰል በአካፋ እየዛቀ እሳት ሲያበላ ነው የኖረው። ማታ ማታ ብሩሹን ይዞ ይወርድና፣ ስሜን «ሲድ» ብሎ ቆርጦ፣ ታሪኳን ይግተኛል።

«የአሜሪካ ምክር ቤት በርካሽ ሥሩልን አለ፣ ሲድ። ስለዚህ አሳጠሯት። አጭር ስትሆን ዘገየች፣ ማዕበል ሲመጣ ጭራዋ ውሃ ይውጠዋል። ከሰሉ ሲሞላባት ደግሞ ጎኗን የሚጠብቀው ወፍራም ብረት ውሃ ውስጥ ይሰጥምና ባዶ ጎኗ ለጥይት ይቀራል።»

«ታዲያ ምን አደረጓት?»

«ብዙም ሳታገለግል ለግሪክ ሸጧት! ስሟንም ቀየሩት። የድሮ ስሟን ለሌላ፣ ለትልቅ መርከብ ሰጡት።» ይህን ሲል ትናንት የተሸጠች ነው የሚመስለው።

ነጃት በቪዲዮ ካየቻት በኋላማ አበደች። ደሴ ያለ ተማሪ ሁሉ «አባቴ መርከብ ያለበት ቤት ነው የሚኖረው» ሲባል ሰማ። «ስመጣ የደበቅኩትን ጫማህን እሰጥሃለሁ፣ አንተ መርከቡን ታስነካኛለህ» ተባባልን።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የዚህ አገር ዝናብ እንደ ደሴው የጦሳ ተራራ ጉም ቀስ ብሎ ወርዶ አያስጠነቅቅም፤ ብድግ ብሎ ይመጣብሃል። ሚስተር ዋልተር ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ውሃው በበሩ ሥር እየተንፎለፎለ ገባ። ያ ረቢ! ለእነ ዘሃራ ያጠራቀምኩት ልብስ በሻንጣ መሬት ላይ ነው። እሱን ትቼ መርከቧን ተሸከምኩ። ምን ላድርግ? በእኛ አገር የጎረቤት ቤት ውሃ ሲገባው የራስህን አስቀድመህ ብታወጣ በምን ዓይንህ ሰው ታያለህ? ደረጃው ጠባብ ነው፣ ክብደቷ ወገቤን ሊቆርጠው ደረሰ። ላይ ስደርስ የኋላዋ ምሰሶ፣ ያ በቀጭን ሽቦ እንደ ቅርጫት የተጎነጎነው፣ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጭቶ ተጣመመ።

ሚስተር ዋልተር መጣ። መርከቧን አያት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ንካት አለህ?»

«ውሃ ገባ እኮ! ላድናት ብዬ…»

ወርዶ አየና ተመለሰ። «ውሃው ቁርጭምጭሚት ነው፣ ሲድ። ጠረጴዛው ወገብ ድረስ ነው።»

ምን ትላለህ? እውነቱን ነው። በማግስቱ ቤዝመንቱን ስለማሳድስ በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ አለኝ።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ይማምን ታውቋቸዋላችሁ፣ ወሎ ውስጥ ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። ሌሎች ሁለት አባቶች ጨመሩ። አስተርጓሚ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሐያት ሆነች፣ እዚሁ ያደገች፣ ሚድታውን ትልቅ ቢሮ የምትሠራ። ገና መኪና ውስጥ ጀመረች። «አባባ፣ ላይክ፣ ይሄ ነገር ክሪፒ ነው፣ ሰው ያስፈራል። ቴክስት አድርጉለት በቃ።»

«ዝም በይ፣ ይቅርታ በስልክ አይለመንም» አሏት።

ሐጂ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ፖርቹ፣ የበሩ በረንዳ ላይ ቆሙ። ሚስተር ዋልተር በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ።

«ልጃችን አጥፍቷል፣ ጥፋቱንም አምኗል» አሉ ሐጂ። «እርስዎም አዛውንት ነዎት። ቤተሰቡ መንገድ ላይ ነው። ይቅር ብያለሁ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም።»

ይህቺ ቃል በእኛ አገር ስንቱን ልበ ደንዳና እንዳራደች እናንተ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ እግራቸው ላይ ይወድቃል፣ «ኧረ በአላህ ተቀመጡ!» ይላል። ሐያት ተረጎመችለት። ሚስተር ዋልተር ሦስቱንም ተራ በተራ አየ።

«ማን ተቀመጡ አላቸው?» ብሎ በሩን ዘጋው።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ።

ሐያት ከንፈሯን ነከሰች። «እያሰበበት ነው አለ፣ አባባ።»

እያሰበበት ነው የተባለ ሰው ይጠበቃል፤ ቆሙ። ጉልበታቸው የሚያማቸው የሰማንያ ዓመት ሰው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ የተዘጋ በር እያዩ ቆሙ። እኔ «እንሂድ» ልል አፌን ስከፍት በዓይናቸው ቀጡኝ። ጎረቤቱ መጋረጃ ገልጦ አየን፣ ቀጥሎ የፖሊስ መኪና መጣ።

«የምትሸጡት ነገር አለ?» አለ ፖሊሱ።

«ይቅርታ ሊለምኑ ነው የመጡት» አለች ሐያት።

«ምን አድርገው?»

«እነሱ ምንም አላደረጉም።»

«እንግዲያው ለምን ይቅርታ ይለምናሉ?» ግራ ገባው ሰውዬው። ግን ጨዋ ነበር፤ ከግቢው ውጡ አለን፣ ወጣን። ሐጂ መኪና ውስጥ ጉልበታቸውን አሹ። «እምቢ ያለ ብዙ አይቻለሁ» አሉ በኋላ። «ቁጭ በሉ የማይል ግን የዛሬው ነው።» ወላሂ፣ ከቤቱ ይልቅ ያ አንገበገበኝ። አባቶቼን ወስጄ አዋረድኳቸው።

የለቀቅኩ ዕለት ሚስተር ዋልተር ሳሎኑ ውስጥ ምሰሶዋን በወረንጦ ያቃናል። ቀና ሳይል «እውነተኞቹም ይጣመሙ ነበር» አለኝ። «አንድ ሌላ መርከብ ላይ ማዕበል እንዲሁ አድርጎ አጣሞታል።»

«ታዲያ ይቅር አልከኝ?»

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተወው» አለኝ።

አሁን ሌላ ሰፈር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ነኝ፤ ከሦስት ሾፌሮች ጋር፣ ሶፋ ላይ። እነ ዘሃራ ቪዛው ተመታላቸው፤ እልል አሉ፣ እኔም አብሬ እልል አልኩ። የማስገባበት ቤት ግን የለኝም፤ ያየሁት ሁሉ ወይ «ክሬዲትህ»፣ የብድር ታሪክህ፣ ይለኛል ወይ ስልክ አያነሳም። ትናንት መኪናዬን አንድ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ደወልኩ።

«ቤቱስ? ተዘጋጀ?» አለች ዘሃራ።

«አብሽሪ» አልኳት። ነጃት ስልኩን ነጠቀቻት።

«አባዬ፣ መርከቧን አሳየኝ።»

«መርከቧ ተሸጠች፣ የእኔ እናት።»

«ለማን?»

«ለግሪኮች።»

«ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም። ትንሽ ናት አሏት።»

«እዚያስ ማን ብለው ይጠሯታል?»

«ሌላ ስም አወጡላት።»

«አንተንስ እዚያ ማን ይሉሃል?»

«ሲድ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። «መርከቧ ግን ወደ ቤቷ ተመለሰች?»

ሚስተር ዋልተር ነግሮኛል። እውነተኛዋ ሚሲሲፒ ዘመኗ ካለፈ በኋላ፣ ሰው አገር ወደብ ላይ እንደቆመች፣ ከሰማይ ቦምብ ወርዶባት ሰጥማለች።

«አባዬ? ሄሎ? ኔትወርኩ ነው? ትሰማኛለህ?»

ኔትወርኩ ጥርት ብሎ ነበር።