የገብስ መፈተጊያውና አበዳሪዎቹ

ብድር ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት የብድርና ቁጠባ ቢሮው ባለሙያ መጀመሪያ ያነሳው ጥያቄ «ይህን ሥራ ከዚህ በፊት የሠራ ማን አለ?» የሚል ነበር።

«ማንም የለም» አልኩት በኩራት። ለዚህ መልስ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼበት ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው አየኝና «እህቴ፣ እንግዲያው ችግር አለ» አለኝ።

ያኔ ደባርቅ ውስጥ በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ታላቅ እህቴ ዳባት ናት፤ በሶና ቆሎ እያዘጋጀች ለሱቆችና ለመናኸሪያ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ገብሱ ከመቆላቱ በፊት ገለፈቱ መልቀቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ያለው ሙቀጫና ዘነዘና ነው። እህቴና ሁለት ሴቶች ሲወቅጡ ይውሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ብሄድ ቀኝ እጇ አልነሳ ብሏት ነጠላዋን እኔ አለበስኳት። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ገብስ» አለች።

ከዚያ ነው የጀመርኩት። ከተዘጋ ወፍጮ ቤት አሮጌ ሞተር ገዛሁ፤ ውስጡ ሸካራ የሆነ የብረት ከበሮ በየድኩ። አለቃዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ በመሣሪያው እንድጠቀም ፈቀደልኝ፤ የቁርጥራጭ ብረቱን ዋጋ ግን ከደሞዜ ቆረጠ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ገብስ ሲገባበት ተፈትጎ ይወጣል። ከፊሉ ተሰብሮ ይወጣል፤ ይህንን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለሙያው የሚያበድሩባቸውን ሥራዎች ዝርዝር አዞረልኝ። ከብት ማድለብ፣ ዶሮ እርባታ፣ ሱቅ፣ ወፍጮ፣ ብረታ ብረት።

«የትኛው ነሽ?»

«ማሽኑን እሠራለሁ፣ በማሽኑም እፈትጋለሁ። ሁለቱም ነኝ።»

«ሁለቱንም መሆን አይቻልም።»

አብራኝ ወረፋ የያዘች ጎረቤቴ የባልዲና የሰሃን ሱቅ ልትከፍት ነበር። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሱቅ ሦስት አለ። በሳምንቱ ተፈቀደላት። ደስ አለኝ አልልም። ተመልሼ ሄጄ ይህንኑ አነሳሁበት።

«እውነትሽን ነው፣ አራተኛ ሱቅ አያስፈልግም» አለ። «ግን ለሱቅ ብዙ ሰው አበድረናል። ሱቅ ሲከስር እንዴት እንደሚከስር እናውቃለን። ያንቺ ማሽን እንዴት እንደሚከስር አናውቅም። ማስያዣ የሚሆን ቤት አለሽ?»

«የምኖረው በኪራይ ነው።»

«ዋስስ?»

«አለቃዬን ለምኜው እምቢ አለኝ።»

ባለሙያው መጥፎ ሰው አልነበረም። ያንገበገበኝ የተናገረው ትክክል መሆኑ ነው።

እንዲያውም ኮሚቴ መጥቶ ማሽኑን እንዲያይልኝ አደረገ። አምስት ሆነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ገብሱን አበጥሬ ጠበቅኳቸው። ማብሪያውን ልጫን እጄን ስዘረጋ መብራት ሄደ። ተቀምጠው ጠበቁ። አንደኛው ከበሮው በእጅ ይዞር እንደሆነ ጠየቀ፤ ሞከረው፤ አልዞረም። ሌላኛው ቀለም ብቀባው እንደሚያምር መከረኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤ ጽፈው ሄዱ። «ማሽኑ በቦታው መኖሩ ታይቷል፤ ሲሠራ አልታየም» ይላል። መብራቱ ከሄዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ገብሱን ብቻዬን ፈተግኩት።

ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ኮሚቴው ሲመጣም ሲሄድም ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው አይተዋል። በማግስቱ ግማሽ ጆንያ ገብስ በጋሪ አስጭነው መጡ።

«ከበየዳ ወረዳ የመጣ ገብስ ነው» አሉ። «እኔ እያየሁ ፈትጊው።»

መብራት ነበር፤ ፈተግኩት። ሐጂ እፍኝ ሙሉ ዘግነው አንድ በአንድ አገላበጡት።

«ይሄ ተሰብሯል። ይሄም ተሰብሯል። ልጄ፣ ይህን ማን ይገዛሻል?»

«ለዱቄት ይሆናል፣ ሐጂ።»

«ለዱቄትማ ወፍጮ አለ። ሳይሰበር የወጣልሽ ዕለት ጥሪኝ።»

ኮሚቴው ያላስለቀሰኝን እሳቸው አስለቀሱኝ። ሁለት ሳምንት ከበሮውን ስፈታ ስገጥም ከረምኩ። ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ መሰበሩ ግን አልቀረም። በመጨረሻ እህቴን አስጠራኋት። ከዳባት በሚኒባስ መጣች፤ ቆማ አየችና፣

«ውኃ ሳታስነኪው ነው እንዴ የምትፈትጊው?» አለችኝ።

«ምን ውኃ?»

«ገብስ ከመወቀጡ በፊት ይረጥባል። ደረቁን ከመታሽው ይሰበራል። ይህን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስለ ሞተር ስታወሪኝ አይደል የከረምሽው?»

ውኃ ረጨት አድርገንበት ጥቂት አቆየነውና ከተትነው። ሙሉ ሙሉውን፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሐጂን ጠራኋቸው። እንደገና ዘገኑ፣ አገላበጡ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሞከሯት።

«ወለድ አልበላም፤ ስለዚህ አላበድርሽም» አሉ። «ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ትርፉን እኩል እንካፈላለን። ከከሰረ የኔ ገንዘብ ጠፋ፣ ያንቺ ድካም ጠፋ።»

ቢሮው አላውቀውም ያለው የኪሳራ ጉዳይ በዚሁ ቃል እልባት አገኘ።

ውሉን የጻፉልን በእጅ ጽሑፋቸው የታወቁ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። «በስመ አብ» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ቀና ብለው ሐጂን አዩ። ሐጂም እሳቸውን አዩ።

«እግዚአብሔር ይመስክር ብዬ ልጀምር?» አሉ መምህሩ።

«ይጀምሩ፣ የኔታ። በእሱስ አንጣላም» አሉ ሐጂ።

ሥራዬን ለቀቅኩ። ቤት ተከራየን፣ የተሻለ ሞተር ገዛን። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ አልነበረውም፤ ሐጂ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ በየጁምዓው ግን መጥተው ገብሱን ያገላብጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ከመካነ ብርሃን ሳይቀር ገብስ በመኪና ይላክልን ጀመር።

በዚህ መሃል የቀድሞ አለቃዬ ሜትር ይዞ መጣ። «እንዲያው ልየው ብዬ ነው» አለ። ከበሮውን ለካ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ የራሱን መፈተጊያ ተከለ፤ ብድርም አገኘ። ማመልከቻው ላይ ከዚህ በፊት የሠራ ማን አለ ለሚለው የኔን ቤት ጽፏል። ይህን የነገረኝ ራሱ ባለሙያው ነው፤ ደስ የሚለኝ መስሎት።

ከወር በኋላ አለቃዬ ተመልሶ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ገብሱ ለምንድን ነው የሚሰበረው?» አለኝ።

ባልነግረው ቤቱ ይዘጋ ነበር። ሐጂን አማከርኳቸው።

«ንገሪው» አሉ። «ደንበኞቹ ማሽን የተባለ ሁሉ ይሰብራል እያሉ ነው። እኛም ማሽን ነን።»

ነገርኩት። መጀመሪያ ግን ከደሞዜ የቆረጠውን የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንዲመልስ ጠየቅኩት። ግማሹን መለሰ።

ባለሙያውም ብዙ ሳይቆይ ደወለልኝ። ዝርዝሩ ላይ «እህል ፈተጋ» የሚል መስመር ተጨምሮ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከሐጂ ጋር ተነጋግሬ፣ ወለዱ እሳቸውን እንዳይነካ፣ ዳባት ለሚተከለው ሁለተኛ ማሽን ብቻ በስሜ ተበደርኩ። ዋስ ስጠየቅ የቀድሞ አለቃዬን ጠራሁ፤ መጥቶ ፈረመ።

የዳባቱን እህቴ ታሠራዋለች። ባለፈው ልጎበኛት ስሄድ አንዲት አሮጊት ያስፈተጉትን ገብስ ተቀብለው ቆመው ነበር። አንድ ፍሬ ቆረጠሙና «የሙቀጫው ይጣፍጣል» አሉ።

እህቴ ቀና ሳትል «ሙቀጫው እዚያ ጥግ ነው ያለው፣ እማማ» አለቻቸው።

አሮጊቷ ሙቀጫውን አዩት፤ ከዚያ ጆንያቸውን አሰሩ። እኔም ቀምሼ አይቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ይለያል።